ኖር ብለን የተቃወምናቸው ሴትዮ

እኔ ቁጣዬ ቅርብ ነው። ቶሎ እግላለሁ፣ ቶሎ ይበርድልኛል። ባሌ ደግሞ ዝምተኛ ነው፤ አንድ ነገር ካላለ «ተስማምቷል» ብዬ ማለፍ ከለመድኩ ዓመታት አልፈዋል። ሰው ከትዳሩ የሚማረው ብዙ ነገር አለ፣ የሚማረው ሁሉ ግን ትክክል አይደለም።

ታራዴል በሚባለው የካልጋሪ ሰፈር ውስጥ ከኛ ቤት ሁለት በር አለፍ ብሎ አንዲት ትልቅ ሴትዮ ይኖራሉ። ከብላክፉት ሕዝብ ናቸው፤ ካልጋሪ ካልጋሪ ሳትባል በፊት እዚህ ከነበሩት። ጸጉራቸውን ሁለት ቦታ ጎንጉነው ደረታቸው ላይ ይጥሉታል። ሲስቁ ድምፅ የላቸውም፣ ትከሻቸው ብቻ ይንቀጠቀጣል። እኛ ቤት ስማቸው «እትዬ» ነው። ስሙን ያወጡላቸው አባቴ ናቸው። አባባ ከአዲስ አበባ መጥተው ከኛ ጋር መኖር ከጀመሩ ወዲህ እንግሊዝኛቸው ከ«ሄሎ» እና ከ«ቬሪ ኮልድ» አላለፈም። ትልቅ ሴትን በስሟ መጥራት ደግሞ ነውር ሆነባቸውና «እትዬ» አሏቸው። ሴትዮዋም ወደዱት። አሁን ስልክ ሲደውሉልኝ ራሳቸው «እትዬ ነኝ» ይላሉ።

በጋ ላይ ሁለቱ ደጃፋችን ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ያወራሉ። አባባ በአማርኛ፣ እሳቸው በእንግሊዝኛ፣ አንዳንዴም በራሳቸው ቋንቋ። ምን እንደሚነጋገሩ ጠይቄ አባባ «ስለ ጉልበት ሕመም» አሉኝ። እትዬን ብጠይቃቸው እሳቸውም ስለ ጉልበት ነው አሉኝ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ለአስቤዛ ሰንሪጅ ወደሚባለው የገበያ ማዕከል እንሄዳለን። የሚነዳው ባሌ ነው። እትዬ መጀመሪያ አብረውን የሄዱ ቀን የኋላውን በር ሊከፍቱ ሲሉ ባሌ ወርዶ የፊቱን ከፈተላቸው። «በኛ አገር ትልቅ ሰው ከኋላ አይቀመጥም» አላቸው። ቆም ብለው አዩት፣ ከዚያ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፣ ገቡ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የፊት ወንበር የሳቸው ሆነ። ወንበሩን ወደ ኋላ ለጠጥ አድርገው፣ ማሞቂያውን ከፍተው፣ የማስቲካ ወረቀታቸውን በሩ ኪስ ውስጥ እየከተቱ ይሄዳሉ። እኔ ከኋላ፣ ሊመለስ ከተጫነው የባዶ ጠርሙስ ከረጢት ጋር ተጣብቄ፣ ጉልበቴ አገጬን እየነካ እሄዳለሁ። ባሌን «ሚስትህ እኔ ነኝ ወይስ እሳቸው?» ስለው «እሳቸው አይጮሁም» ይለኛል።

እንዲህ ያለ ሰው ነው። የሚሠራው ኤርድሪ ከተማ አጠገብ ባለ ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘን ውስጥ ነው፣ ሺፍቱ በጠዋት ይጀምራል። በረዶ በጣለ ቁጥር መጀመሪያ የእትዬን ደጅ ጠርጎ ነው ወደኛ ደጅ የሚመለሰው። እትዬም «ልጄ» ነው የሚሉት።

ያን ሰሞን ከተማው በሙሉ አንድ ወሬ ይዞ ነበር፤ በምክር ቤቱ ውስጥ ለነባር ሕዝቦች ተወካይ ራሱን የቻለ ወንበር ይቀመጥ ወይስ አይቀመጥ የሚል። ሬዲዮው ስለሱ ነው። ሰንሪጅ የምሠራበት ጫማ ቤት ውስጥ ጫማ ሊለካ የተቀመጠ ደንበኛ ሳይቀር የአንድ እግሩን ጫማ አውልቆ አስተያየቱን ይሰጠኛል። እትዬ ይህን ሁሉ ሲሰሙ ከረሙና «ትልቁ ቤት እስኪወስን ትንሹ ቤት ይጀምር» ብለው ለሰፈራችን ማኅበር ሐሳብ አቀረቡ።

ኮሚዩኒቲ አሶሴሽን የሚባለው የሰፈር ማኅበር ነው። አዳራሽ ያከራያል፣ የልጆች መጫወቻውንና የበረዶ መንሸራተቻውን ያስተዳድራል። እኛ ሐበሾች አባል የሆንነው ለሰፈሩ ልማት ተጨንቀን አይደለም፤ ለአባል አዳራሹ ስለሚረክስ ነው። ክርስትናው፣ ልደቱ፣ ተዝካሩ፣ ሁሉም እዚያው ነው። የእትዬ ሐሳብ ቀላል ነበር። ከማኅበሩ የቦርድ ወንበሮች አንዱ በሰፈሩ ያሉ ነባር ሕዝቦች ራሳቸው መርጠው የሚያስቀምጡት ሰው ይሁን።

ቅዳሜ መኪና ውስጥ እኔ ምላሴ አላርፍ ብሎኝ «እንደ ሌላው ሰው ተወዳድረው ቢገቡስ?» አልኳቸው። በቅንነት ነው የጠየቅኩት።

እትዬ ወደ ኋላ ሳይዞሩ «እናቴ ድምፅ እንድትሰጥ ሲፈቀድላት እኔ ትምህርት ቤት ነበርኩ» አሉ።

መጀመሪያ አልገባኝም። «ከየት አገር መጥተው ነው እናትዎ?» ልል ምንም አልቀረኝም። ከዚያ ገባኝና ክው አልኩ። «እዚህ? በገዛ መሬታቸው?»

«እዚሁ። ትምህርት ቤቱም ቢሆን ከእጇ ነጥቀው ነው የወሰዱኝ። ድምፅ ሰጥታ አታውቅም። ሲፈቀድላትም አልሄደችም፣ አላመነቻቸውም» አሉና ማስቲካቸውን አላመጡ። «እኔ ሳልሞት የኛ ሰው አንድ ወንበር ላይ ተቀምጦ ማየት እፈልጋለሁ። ትንሽም ትሁን፣ የሰፈር ትሁን።»

እኔ ዜግነት ስወስድ ፈተናውን አጥንቼ፣ ቃል ገብቼ፣ ባንዲራ ይዤ ፎቶ ተነሥቻለሁ። በዚያው ዓመት ምርጫ መርጫለሁ፤ እንደውም ተሰልፌ ስለቆየሁ ተነጫንጫለሁ። የዚህች ምድር ልጅ የሆነች ሴት እኔ ትናንት መጥቼ ያገኘሁትን ልጆች ወልዳ እስክታሳድግ ተከልክላ ኖራለች። «ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም» ይባላል፤ እኔ ስንት መስከረም እዚህ አገር ሲጠባልኝ ይህን ሳልሰማ ኖርኩ? ደንግጬ ወደ ባሌ አየሁ። ሁለት እጁን መሪው ላይ አድርጎ መንገዱን ብቻ ያያል።  ያዘነ መሰለኝ።

በማግሥቱ ስልኬን ያዝኩ። ኮል ያላደረግኩለት ሐበሻ የለም።

«የሚመጣው እሑድ የማኅበሩ ሚቲንግ አለ፣ እንዳትቀር።»

«ሺፍት አለኝ እኮ።»

«ቀይረዋ! አዳራሹን ለልጅህ ልደት ስትፈልገው ሺፍት አለኝ ትላለህ?»

«እሺ በቃ፣ አትጩኺብኝ። ምንድን ነው ደግሞ ቮቱ?»

«ለእትዬ ነው። መጥተህ ታየዋለህ።»

ይህን እያልኩ አዳራሹን ግማሽ ያህል በኛ ሰው ሞላሁት። ባሌም የእሑድ ልብሱን ለብሶ፣ አባባን ደግፎ መጣ። አባባ ብርድ ስለማይወዱ በሩ አጠገብ ካለው ማሞቂያ ሥር አስቀመጥናቸው።

ከጠዋት ጀምሮ በረዶ ሲጥል ነበር የዋለው። እትዬ ከተማው ደቡብ ጫፍ ልጃቸው ጋ አድረው ከዚያ ሊመጡ ነበርና ዲርፉት በሚባለው አውራ ጎዳና ላይ መኪናው ሁሉ ተቆልፎ ቀሩ። ስልክ ደወሉልኝ፦ «ቆሜያለሁ፣ አልሄድ አለ።» የማኅበሩ ሊቀ መንበር ጡረታ የወጡ፣ ፊታቸው ቀይ፣ በየዐረፍተ ነገሩ ይቅርታ የሚሉ ሰውዬ ናቸው። ትንሽ ጠበቁ። ሰው መንጫጫት ሲጀምር ይቅርታ ጠይቀው ክርክሩን ከፈቱ።

መጀመሪያ ማይክራፎን የያዘው ሰፈራችን ውስጥ ጋራዥ ያለው ሰውዬ ነው። እሱም እንደኛው ከሌላ አገር የመጣ ነው። «እኔ እዚህ አገር አንድ ሻንጣ ይዤ ነው የገባሁት። ማንም ወንበር አላስቀመጠልኝም። ሠርቼ፣ ተወዳድሬ ነው የያዝኩት» አለ። ተጨበጨበለት። አንዲት አስተማሪ ተነሥታ «ያን ሻንጣህን ያሳረፍክበት መሬት የማን ነበር?» አለችው። ለሷም ተጨበጨበ። ሌላው ደግሞ «ዛሬ ለነሱ፣ ነገ ለእያንዳንዱ ሕዝብ ወንበር ልናስቀምጥ ነው? አዳራሹም አይበቃን» ብሎ ሰው አሳቀ። እኔም ተናገርኩ። እንግሊዝኛዬ ስቆጣ ይሻላል። የእትዬን እናት ነገር ነገርኳቸውና አዳራሹ ጸጥ አለ፤ ሥራዬን የጨረስኩ መሰለኝ።

ድምፅ ሊሰጥ ሆነ። ሊቀ መንበሩ መጀመሪያ በእጅ ሞከሩ፣ ቆጠራው ተምታታባቸው። «ይቅርታ፣ ቆመን እንቆጠር» አሉ። «የሚቃወሙት የሚያንሱ ይመስሉኛል፣ በነሱ እንጀምር። የምትቃወሙ እባካችሁ ቁሙ።»

ባለጋራዡ ሰውዬ ቆመ። እዚህም እዚያም ሰው ቆመ። በዓይኔ ስገምት ለጥቂት ከግማሽ ያንሳሉ፣ አለቀ፣ አሸነፍን።

በዚህ መሀል በሩ ተከፈተ። እትዬ፣ በረዶው ከጸጉራቸው ሳይረግፍ፣ የልጃቸውን ክንድ ይዘው ገቡ።

«ኖር!» አሉ አባባ፣ ከማሞቂያው ሥር ብድግ ብለው።

ይህን ላንተ ላንቺ ማስረዳት የለብኝም። ትልቅ ሰው ሲገባ መጀመሪያ የሚነሣው ሰውነታችን ነው፤ አእምሯችን የሚደርሰው ኋላ ነው። አዳራሹ ውስጥ ያለን ሐበሾች በሙሉ፣ እናቶቹም፣ ጎረምሶቹም፣ ከእንግሊዝኛ በቀር የማያውቁት እዚሁ የተወለዱት ልጆች ሳይቀሩ፣ ወንበሩን እያንኳኳን «ኖር! ኖር!» ብለን ተነሣን። እኔም ተነሣሁ። ከኋላዬ አንዱ ጭራሽ እሳቸውን ወክሎ «በእግዜር!» አለ።

ሊቀ መንበሩ መነጽራቸውን አስተካከሉ። ጣታቸውን ቀስረው በየረድፉ ይቆጥሩን ጀመር። ባለጋራዡ ሰውዬ ዞሮ ያን ሁሉ ሕዝብ ሲያይ ዓይኑን ማመን አቅቶት፣ እኔን ፈልጎ አውራ ጣቱን ቀሰረልኝ። የገባኝ ያኔ ነው።

እትዬ በሩ ላይ ቆመዋል። ወደ ልጃቸው ጎንበስ ብለው አንድ ነገር ጠየቁ። ልጃቸው ከሊቀ መንበሩ ጀርባ ሰሌዳው ላይ «ተቃዋሚ» ተብሎ የተጻፈውን አየች፣ እኛን አየች፣ ጆሯቸው ላይ መለሰችላቸው። ፊታቸው ላይ ቁጣ ቢኖር ይሻለኝ ነበር፤ ቁጣ አውቃለሁ። ያየሁት ግን ይህን ቀድሞ የሚያውቅ፣ ያልገረመው ሰው ፊት ነው።  የምገባበት ጠፋኝ።

ከዚያ ጮህኩ። «ቁጭ በሉ! ኧረ በማርያም ቁጭ በሉ! የቆመ ሰው አልፈልግም ያለ ነው!»

«እንዴ፣ ኖር ብለን እኮ ነው» አለች አንዷ።

«ለነሱ ምናቸው ነው ኖር! ተቀመጡ!»

ወደ ሊቀ መንበሩ ሮጥኩና ለክብራቸው እንደተነሣን፣ በኛ ባህል ትልቅ ሰው ሲገባ ተቀምጦ መጠበቅ ነውር እንደሆነ እየተንተባተብኩ ነገርኳቸው። ባለጋራዡ ሰውዬ «ቆመዋል፣ ተቆጥረዋል» አለ። ሊቀ መንበሩ ጥቂት አሰቡ፣ ይቅርታ አሉ፣ እንደገና እንዲቆጠር ወሰኑ። «ለክብር የቆማችሁ ተቀመጡ። የምትቃወሙ ብቻ ቁሙ።» እኔም ማንም አልሰማሁም እንዳይል በአማርኛ ደገምኩት።

ወንበሮቹ ሲንጫጩ፣ ሰው ሲቀመጥ ሰማሁ። አባባ ብቻ ቆመዋል፤ ወንበራቸውን ለእትዬ ለቀው ግድግዳ ተደግፈዋል። «እሳቸውን እንዳትቆጥሩ!» አልኩ፣ ጥቂት ሰው ሳቀ። እኔም ልስቅ ነበር። ነፍሴ መለስ ስትል ወደ ወንበሬ ዞርኩ።

ባሌ ቆሟል።

ያልሰማ መሰለኝ። በርሬ ሄጄ ጃኬቱን ጎተትኩ። «ቁጭ በል እንጂ! አሁን የሚቆጠሩት ተቃዋሚዎቹ ናቸው።»

«ሰምቻለሁ» አለ።

«ምን?»

«ሰምቻለሁ አልኩሽ።»

ዙሪያዬን አየሁ። ከኛ ሰው ብቻውን አልነበረም። እዚህ አንድ አባት፣ እዚያ ሁለት ወንድማማች፣ ጥግ ላይ አንዲት ሴት፣ አንገታቸውን ደፍተው ቆመዋል። ለሁሉም ኮል ያደረግኩላቸው እኔ ነኝ።  ሊቀ መንበሩ የቆመውንም የተቀመጠውንም ቆጠሩ። ሐሳቡ በጥቂት ድምፅ ወደቀ። ከኛ የቆሙት ተቀምጠው ቢሆን ያልፍ ነበር።

እትዬ በአባባ ወንበር ላይ፣ ኮታቸውን ሳያወልቁ ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ተንበረከክኩና መጀመሪያ ሁላችንም የተነሣነው ለሳቸው ብለን መሆኑን ልነግራቸው ጀመርኩ። እጄን መታ መታ አደረጉልኝ።

«የመጀመሪያው አነሣሣችሁ ገብቶኛል» አሉ። «ሁለተኛውም ገብቶኛል።»

ቤት እንደገባን ፈነዳሁ። ጓንቴን ሳላወልቅ ነው የጀመርኩት። ውለታ አልኩት፣ ጉርብትና አልኩት፣ ያላልኩት የለም። ባሌ ከአባባ ጫማ ላይ በረዶውን እያራገፈ እስክጨርስ ጠበቀ።

«አንቺ አዲስ አበባ ነው ያደግሽው» አለ።

«እና?»

«እና ‹ለነባሮቹ› ሲባል መጨረሻውን አላየሽም።»

የተወለደበትን ከተማ ትቶ እንደወጣ አውቃለሁ። «ተፈናቀልን» ብሎኛል፣ በአንድ ቃል፤ እኔም በአንድ ቃል ተቀብዬ አልፌዋለሁ። ያን ዕለት ቀሪውን ነገረኝ። ወደዚያ ከተማ የሄዱት አያቱ ናቸው። አባቱ እዚያው ተወልደው፣ አናጢ ሆነው፣ የከተማውን ግማሽ በርና መስኮት ሠርተው፣ በቀበሌው ምክር ቤት ውስጥም ሰው መርጧቸው ይቀመጡ ነበር። አንድ ቀን ይህ ወንበር ከእንግዲህ ለነባሮቹ ብቻ ነው ተባሉ። አባቱ «እሺ፣ ወንበር ነው፣ ይውሰዱት» አሉ። ቀጥሎ የመሥሪያ ቦታቸው ሆነ። ቀጥሎ የልጆቹ ትምህርት ቤት። በመጨረሻ ራሳቸው የሠሩት በር ላይ በቀይ ቀለም ምልክት ተደርጎ አደረ።

«መጀመሪያ ግን ወንበር ነበር» አለ ባሌ። «ወንበር ብቻ።»

ስንት ዓመት አብሬው ኖሬ ስለ በሩ አላውቅም ነበር። ደነገጥኩ፣ አሳዘነኝ፣ ግን ቁጣዬ አልበረደም። «እሳቸው እኮ እንደ አንተ ናቸው!» አልኩት። «በሩ የተቀባው የሳቸው ነው! ልጅ ከእጃቸው የተነጠቀባቸው እነሱ ናቸው! ማንን ሊያባርሩ ነው፣ በአንድ የሰፈር ወንበር?»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

«ጭንቅላቴ ያውቃል። እግሬ አልታጠፍ አለኝ።»

አባባ ከሳሎኑ ሁሉንም ሰምተዋል። «ልጄ፣ ለሰው ኖር ብሎ ተነሥቶ መልሶ መከልከል እንዴት ይሆናል?» አሉት።  መልስም ሳይጠብቁ መቋሚያቸውን ይዘው ወደ ክፍላቸው ገቡ።

ሳምንቱን ሙሉ በረዶው አላቆመም። ባሌ በየጠዋቱ እንደ ልማዱ የእትዬን ደጅ ጠርጎ ወደ ሥራው ሄደ፣ እንደውም ከወትሮው አብልጦ እስከ አስፋልቱ ድረስ ይጠርገው ነበር። እኔ በመስኮት አየዋለሁ። የእትዬ መጋረጃ አልተገለጠም፣ ስልክም አልደወሉም። ከሁሉ የፈራሁት ቅዳሜን ነው። ባሌ በሰው ፊት ያደረገውን አድርጓል፣ ያን መመለስ አይቻልም። እትዬ ከቤታቸው ወጥተው መኪናችን ውስጥ ከገቡ ግን አንድ ነገር ተርፎናል ብዬ ነበር።

ቅዳሜ ባሌ መኪናውን አስነሥቶ፣ ማሞቂያውን ከፍቶ፣ ደጃፋቸው ላይ አቆመ። ጥሩምባ አልነፋም። ቁጭ ብለን ጠበቅን።

በሩ ተከፈተ። እትዬ የአስቤዛ ቦርሳቸውን አንጠልጥለው ወጡ። ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ፣ ከኋላ ወንበር ዘልዬ ወርጄ ሰላም አልኳቸው፣ አቀፉኝ። ባሌም ወረደ። በመኪናው አፍንጫ ዞሮ የፊቱን በር ከፍቶ፣ እንደ ሁልጊዜው በአንድ እጁ ይዞላቸው ቆመ።

እትዬ የተከፈተውን በር አዩ። ወንበሩ እሳቸው እንደተዉት ለጠጥ እንዳለ ነው፣ የማስቲካቸው ወረቀትም ከበሩ ኪስ አልወጣም። «አመሰግናለሁ፣ ልጄ» አሉት። ድምፃቸው የተለመደው ድምፅ ነው። ከዚያ በአጠገቡ አልፈው የኋላውን በር ራሳቸው ከፈቱና የጠርሙሱን ከረጢት ገፋ አድርገው ተቀመጡ።

«እትዬ፣ በኛ አገር…» ብሎ ጀመረ ባሌ። አልጨረሰውም።

እኔ በረዶው ላይ ቆሜ ቀረሁ። የፊቱ በር አሁንም ተከፍቶ ሙቀቱ ይወጣል። እዚያ ልቀመጥ አሰብኩ፣ አልቻልኩም፤ ዞሬ ከእትዬ ጎን ገባሁና ከረጢቱን ጭኔ ላይ አደረግኩት። ባሌ በሩን ቀስ ብሎ ዘጋ፣ መሪውን ያዘ። ሰንሪጅ እስክንደርስ የፊቱ ወንበር ባዶውን ሄደ።